ዘጠና አንድ ይላል ወረቀቱ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሀብተሥላሴ፤ ሻርጃ።

የልደታ ማርያም ጥበቃ አይለይዎት። እናቴ እንደምትለው እናንተ ዘንድ በታኅሣሥም ሰው ያልበዋል፤ እዚህ ግን ጠዋት የጋራዡን የብረት በር ስከፍት ጣቴ ይደነዝዛል። እናቴ ደህና ናት፤ የላኩላት መድኃኒት ደርሷት የደም ግፊቷ ወርዷል። አባቴም ደህና ነው፤ የእሱን ወሬ ወደ ታች አመጣዋለሁ።

በስልክ ስናወራ መስመሩ ስለሚቆረጥ፣ እርስዎም «ቁም ነገር በወረቀት ነው» ስለሚሉ፣ ይኸው ጽፌ ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጠሁልዎት።

የላኩት ዳይኖ፣ የሞተር ጉልበት መለኪያው ማሽን፣ ሥራ ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። ሰው ከሜክሲኮ ድረስ ሊያየው ይመጣል። መኪናው ሮለሩ ላይ ወጥቶ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ጎማው በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር እየተሽከረከረ እሱ ግን ካለበት ሳይነቃነቅ ሲቀር፣ ሽማግሌዎቹ ያማትባሉ። እኔ ነዳጁን አስተካክላለሁ፣ ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ጉልበት ይለካል፣ ወረቀት ይወጣል፣ እፈርማለሁ።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። ሞተር እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። ልደታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማሽኑ ይህን ያውቃል፤ የለካውን ቁጥር ወስዶ በ1.32 ያባዛና መኪናው ባሕር ጠረፍ ላይ ቢሆን ኖሮ የሚኖረውን ጉልበት ያትማል። ይህ ማስተካከያ ሁለት አገር ያሉ ሞተሮችን ለማወዳደር ይጠቅማል። ደንበኛው ግን ሻርጃ አይነዳም። ወረቀቱን ይዞ የሚወጣው እንጦጦ ነው።

ማስተካከያውን ላጠፋው ስል ማሽኑ የይለፍ ቁጥር ይጠይቀኛል። ቁጥሩን ይላኩልኝ። ሁለተኛው ልመናዬ ደግሞ፣ ከዳይኖው በኋላ መኪናውን ጭነት ጭኜ ዳገት ላይ እንድሞክረው ይፍቀዱልኝ። እዚህ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ትልቅ ማራገቢያ ፊቱ ተደቅኖ፣ ባዶውን ለሁለት ደቂቃ ነው የሚሮጠው። መንገድ እንዲህ አይደለም።

አሁን የአባቴ ወሬ። በኮንቴይነሩ የላኩት ሞተር ሚኒባሱ ላይ ተገጠመ። ዳይኖው ላይ አውጥቼ ለካሁት፤ ወረቀቱ ዘጠና አንድ የፈረስ ጉልበት አለ።

«ዘጠና አንድ ምን?» አለኝ።

«ፈረስ፣ አባባ።»

«እንግዲህ ገብስ የሚያበላቸው ማን ነው?» ብሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀው።

ወረቀቱን ላሜኔት አስደርጎ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን መስተዋቱ ላይ ለጠፈው። ለሚሳፈረው ሁሉ «ልጄ የፈረመችበት ነው» ይላል። እውነተኛው ቁጥር ስልሳ ዘጠኝ መሆኑን ገና አልነገርኩትም። የይለፍ ቁጥሩን ሲልኩልኝ ትክክለኛውን አትሜ እቀይርለታለሁ ብዬ ነው። አንድ ሳምንት ደስ ይበለው።

አክባሪዎ፣
ናዝሬት አዱኛ


ሻርጃ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለናዝሬት።

የአባቶቻችን አምላክ በወጣሽበት ይመልስሽ፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ። እኔ ለስሙ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ደረጃ ስወጣ ያመኛል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሕፈትሽ እንደ ዳኛ ነው። ኮርቻለሁ።

ማስተካከያውን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ የቆለፍኩትም አውቄ ነው። እኔ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬያለሁ። ደንበኛ ስልሳ ዘጠኝ ተብሎ ከፍሎ አይመለስም፤ ዘጠና አንድ ሲባል ግን ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ደግሞስ ውሸት ነው? በዓለም ላይ ያለ ዳይኖ ሁሉ የሚሠራበት ሂሳብ ነው። አንቺ ተምረሽ ሳለ ከማሽን ጋር ምን ያጣላሻል?

የመንገዱን ሙከራ ተዪው። ማሽኑ የተገዛው መንገድ ላይ እንዳትንከራተቺ ነው። ወረፋ የያዘ ሰው እያለ ነዳጅ እያቃጠልሽ ዳገት ለዳገት አትዙሪ።

አዱኛን ሳሚልኝ። በዚያች ውይይት ታክሲ ከልደታ መርካቶ ስንመላለስ እሱ ሾፌር፣ እኔ ከኋላ ተንጠልጥዬ ጠሪ የነበርኩበት ዘመን ትዝ ይለኛል። መሪ ያስጨበጠኝ እሱ ነው። እባክሽ ደስታውን አትንጠቂው። ሰው በስተርጅናው የሚኮራበት ነገር ያስፈልገዋል።

በሳምንት ስንት መኪና እንደሚወጣ ጻፊልኝ።

አጎትሽ ሀብተሥላሴ


ልደታ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሀብተሥላሴ፣

በስልክ ያለቀሰችውን እናቴን ሰምተዋታል። ምን እንደሆነ ግን በቅደም ተከተል አልነገረችዎትም፤ እኔ ልጻፈው።

የካቲት 24 የሰፈራችን ሰዎች ደብረ ሊባኖስ ሊሳለሙ አባቴን ኮንትራት ያዙት። አሥራ ሦስት ሰው ነበር የጫነው። ጋቢና ከእሱ ጎን ወይዘሮ ሠርካዲስ ተቀመጠች፤ አጥራችን የተያያዘው፣ እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ሠርካዲስ። እናቴ ከእሷ ኋላ ነበረች።

አዲሱ ገበያን አልፈው ዳገቱን ሲይዙ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ፊታቸው እየተጎተተ ይወጣል። አባቴ በዚያ ዳገት ሠላሳ ዓመት ተመላልሷል። በአሮጌው ሞተር አንድም ቀን እዚያ ቦታ ሌላ መኪና ለማለፍ ሞክሮ አያውቅም። የዚያን ቀን ሊያልፈው ወጣ።

ሠርካዲስ «አዱኛ፣ ቀስ በል እንጂ» አለችው።

«አይዞሽ ሠርኬ፣ ናዝሬት ፈርማበታለች» አላት።

ከሲኖው እኩል ሲደርስ መኪናው አልሄድ አለ። ማርሽ ቀነሰ፤ ጮኸ እንጂ አልጨመረም። ከላይ አውቶቡስ መጣ። አባቴ ወደ መስመሩ ሲመለስ የሲኖው የኋላ ጥግ ጋቢናውን በሠርካዲስ በኩል ቀደደው።

እዚያው ሞተች። የእናቴ የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። ሌሎቹ ተርፈዋል። አባቴ ታስሯል፤ ዋስትና አልተፈቀደለትም።

አባቴ ለሠርካዲስ የመለሰላትን ቃል የሰማችው እናቴ ብቻ ናት። ሞተሩ እየጮኸ ስለነበር ከኋላ የተቀመጡት አልሰሙም። ለእኔ በጆሮዬ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘግታለች።

ፖሊስ ላሜኔቱን ወረቀት ከመስተዋቱ ላይ ልጦ ወስዶታል።

ናዝሬት


ሻርጃ
ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለናዝሬት፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናን። የሠርካዲስን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን። ሕማማት ገብቷልና በስግደት ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ደጅ ወጥቼ ባሕሩን እያየሁ አለቀስኩ።

ለጠበቃና ለእናትሽ ለፀዳለ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ። ሲያልቅ ንገሪኝ፣ እጨምራለሁ። ለሠርካዲስ ልጅ ለሶፊም ከላዩ ላይ ስጫት፤ ከእኔ ነው አትበያት።

ጋራዡን አትዝጊ። ሥራ ሐዘን ያስረሳል። ከዘጋሽውም ሰው ምን ሆነው ነው ብሎ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አድርጊልኝ። ፖሊስ የወሰደው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ብቻ ነው ወይስ የጋራዡ ማኅተምም አለበት?

ሾፌር ይሳሳታል፣ ልጄ። አዱኛም ሥጋ ለባሽ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ዓይኑም እጁም እንደ ድሮ አይሆንም።

የሚያስብልሽ አጎትሽ
ሀብተሥላሴ


ልደታ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ሀብተሥላሴ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ከገንዘቡ እናቴ ለሕክምናዋ የከፈለችው ተቀንሶ ቀሪው በዚህ ሰው እጅ ተመልሷል። ሶፊ ጋ ይዤው አልሄድኩም። እናቷን ለቀበረች ልጅ ላኪው ያልታወቀ ፖስታ ይዤ በሯን አላንኳኳም።

ለጥያቄዎ፦ ፊርማው የእኔ ነው፤ ማኅተሙም አለበት።

ከትናንት በስቲያ ልደታ ነበረች። የሰፈሩ ሴቶች እንደ ወትሮው ደጅ ወጥተው ንፍሮ ቀቀሉ። በየዓመቱ ትልቁን ድስት የምታወጣው ሠርካዲስ ነበረች፤ ዘንድሮ ድስቱን ከሶፊ ቤት ሄዶ የሚያመጣው ጠፍቶ በሁለት ትንንሽ ቀቀሉት። በእኛ በር በኩል ንፍሮ ይዞ የመጣ የለም። እናቴ በመስኮት ስታይ ዋለች።

ጉዳዩ የሚታየው እዚሁ ልደታ ፍርድ ቤት ነው። የእስረኞቹ አውቶቡስ በሰፈራችን ያልፋል፤ አባቴ በራሱ በር ላይ እጁ ታስሮ ያልፋል ማለት ነው። ዐቃቤ ሕጉ የእኔን ወረቀት ማስረጃ አድርጎ አቅርቧል። ክርክሩ ይህ ነው፦ መኪናው ዘጠና አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በባለሙያ ተፈትሾ የተፈረመበት ነው፤ ስለዚህ የጎደለው መኪናው ሳይሆን ሾፌሩ ነው።

አባቴ ይህን አልተቃወመም። እሑድ ልጠይቀው ሄጄ በሽቦው በኩል አወራን።

«ስለ ሞተሩ ሲጠይቁህ ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?»

«ሞተሩ ደህና ነበር።»

«አልነበረም፣ አባባ።»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አለና ወደ ሽቦው ተጠጋ። «ስሚ። አንቺ ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው። እኔ ልነዳው የነበረውን መንገድ ሁሉ ነድቼ ጨርሻለሁ። ወረቀቱ ተሳስቷል ካልኩ ቀጥሎ የሚጠሩት የፈረመችውን ነው። አልልም። ደግመሽ እንዳታነሺብኝ።»

ከዚያ የሚኒባሱ ጎማ አዲስ ስለሆነ ሳይሰረቅ አውልቄ እንዳስቀምጥ ነገረኝ። ጎማውን!

ከእርስዎ የምለምነው ገንዘብ አይደለም። አንድ ገጽ ነው። ማሽኑ የሚያትመው ቁጥር በማስተካከያ የተባዛ መሆኑን፣ ማስተካከያውን የቆለፉት እርስዎ መሆንዎን፣ እኔ እንዲከፈት ጠይቄ እርስዎ መከልከልዎን የሚናገር አንድ ገጽ፤ ስምዎና ፊርማዎ ያለበት። አባቴ መሪ ያስጨበጠዎት ሰው ነው። አንድ ገጽ።

ናዝሬት


ሻርጃ
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለናዝሬት፤

የጌታ ሰላም በቤታችሁ ይደር። መልሴ የዘገየው ታምሜ ነው፤ ስኳሬ ወጥቶ ሰንብቷል።

የጠየቅሽኝን አስቤበታለሁ። እዚህ አገር የምኖረው በሥራ ፈቃድ ነው። ያሠራኝ ሰው ስሜ ፍርድ ቤት መነሳቱን የሰማ ቀን አንድ ሳምንት አያቆየኝም። ሦስት ልጆቼ እዚሁ ይማራሉ። የእኔ መውደቅ አዱኛን አያስነሳውም። አንድ ሰው ከሚጎዳ ሁለት ሰው ይጎዳ ነው የምትዪኝ?

ሌላ ነገር። በጥር ወር የጻፍኩልሽን ደብዳቤ ከሌሎቹ ለይተሽ ይህን ለሚያመጣልሽ ሰው ስጪልኝ። የግል ነገር ስላለበት እኔ ዘንድ ቢቀመጥ ይሻላል።

የአንቺም የታኅሣሡ ደብዳቤ እኔ ጋ በደህና ተቀምጧል። ደግሜ አነበብኩት። አንቺም ታስታውሺዋለሽ ብዬ አምናለሁ። እሱን ለማንም አላሳይም፤ ሥጋዬ ነሽና።

ፀዳለን አታስጨንቂያት። ወንድሟንና ልጇን አንድ ላይ ማጣት የለባትም።

ሀብተሥላሴ


ልደታ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሀብተሥላሴ፣

ደብዳቤዎን ሊወስድ የመጣውን ሰው ሻይ አጠጥቼ ባዶ እጁን መለስኩት።

የታኅሣሥ ደብዳቤዬን አስታውሰዋለሁ። ሊያስፈራሩኝ እንደ ጻፉልኝ ገብቶኛል። ልንገርዎ፣ በውስጡ ያለውን ቃል በየምሽቱ አነበንበዋለሁ፦ «አንድ ሳምንት ደስ ይበለው።» ሳምንቱ ዐሥር ሳምንት ሆነ። እርስዎ ቁጥሩን አልላኩም፤ እውነት ነው። ግን አባቴን «ያ ወረቀት ውሸት ነው፣ አውርደው» ለማለት የይለፍ ቁጥር አያስፈልገኝም ነበር። አፍ በቂ ነበር። ተሳፋሪ ሁሉ እየሰማ «የልጄ ፊርማ» ሲል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። የእርስዎን ጥፋት ለእርስዎ ትቼ የእኔን ይኸው ጻፍኩት። አሁን የሚደብቁልኝ ነገር የለዎትም።

የከለከሉኝን የመንገድ ሙከራ አድርጌዋለሁ።

ከአባቴ ሞተር ጋር በአንድ ኮንቴይነር የመጣው ሁለተኛው ሞተር የበከር ሚኒባስ ላይ ነው ያለው። በከርን ያውቁታል፤ ከአባቴ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ተራ ላይ የሠራ የወሎ ልጅ። የእሱም ወረቀት ዘጠና አንድ ይላል። ጉዳዩን ስነግረው ቁልፉን ወረወረልኝና «ለአዱኛ ከሆነ እንኳን መኪናውን እኔንም ጫኚኝ» አለኝ። አሥራ አንድ ሰው የሚመዝን አሸዋ በከረጢት ሞልተን ጫንን። በከር መሪውን ያዘ፣ እኔ መሣሪያዬን ይዤ ከኋላው ተቀመጥኩ። ጋቢና ያለው ወንበር ቀረ።

ዝናብ ባልነበረበት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልንነሳ ስንል ሶፊ ጃኬቷን ደርባ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ከቀብሩ ወዲህ አነጋግራኝ አታውቅም። በከር ሳይነግራት አልቀረም።

«እናቴ የተቀመጠችበት የትኛው ነው?» አለች።

አሳየኋት። ወጥታ ተቀመጠች። ቀበቶዋን አሰረች።

«ከአርባ እስከ ስድሳ ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚፈጀውን ነው የምንለካው» አልኳት። «አንድ ሲኖ ለማለፍ የሚያስፈልገው ያ ነው። ወረቀቱ እውነት ቢሆን በዚያ ዳገት ዘጠኝ ሰከንድ ይበቃል።»

«እኔ እቆጥራለሁ» አለች።

ቦታው ላይ ደረስን። መንገዱ ባዶ ነበር። በከር «ቢስሚላህ» ብሎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ። ሶፊ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መቁጠር ጀመረች። ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ የፍጥነቱን መርፌ አየች። አርባ ስምንት ላይ ነበር። አላቆመችም። ዐሥር። አሥራ አንድ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ዳገቱ አያልቅም። ሃያ አንድ ስትል ስድሳ ገባን።

አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው የጎደለው፣ ጋሼ። ለምን እንዲህ እንደ በዛ ልንገርዎ። ዳገት ላይ ከባድ መኪና ያለው ጉልበት አብዛኛው ራሱን ለመሸከም ይውላል፤ ለማለፍ የምትተርፈው ትንሿ ናት። ስለዚህ አየሩ ሩቡን ሲወስድ የወሰደው ሩብ ብቻ አይደለም። ትርፉን ጠራርጎ ነው የወሰደው። ይህን ዳይኖው ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም፤ እዚያ ዳገትም የለ፣ ሠርካዲስም የለች።

በከር መኪናውን ጥግ ላይ አቆመ። ሶፊ ወደ ፊት እያየች ጠየቀችኝ፦

«አባትሽ ይህን ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም ነበር።»

«አንቺስ?»

በከር መሪውን አየ።

«ሃያ አንድ መሆኑን አላውቅም ነበር» አልኳት። «ዘጠና አንድ አለመሆኑን ግን አውቅ ነበር።»

ቀበቶዋን ፈታች፣ ወረደች፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። የመጣንበትን ዳገት በእግሯ ይዛ ወደ ከተማ ወረደች። በከር እየተከተለ «ሶፊዬ፣ ግቢ እንጂ!» ቢላትም አልዞረችም።

ፍርድ ቤቱ ለክረምቱ ተዘግቷል። ጥቅምት ላይ ሲከፈት የእርስዎን የጥር ደብዳቤ፣ እኔ ዘንድ ያስቀረሁትን የታኅሣሥ ደብዳቤዬን ግልባጭና የዳገቱን ልኬት አስገባለሁ። እናቴን ነግሬያታለሁ። በማግስቱ «ለምስክርነት የሚለበስ ነጠላዬን እጠቢልኝ» አለችኝ።

እስከዚያ የሚጽፉት ካለዎት ይጻፉ።

ናዝሬት አዱኛ


ሻርጃ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ናዝሬት፣

ብዙ ጀምሬ ቀደድኩ።

ማሽኑ የተቆለፈበት ቁጥር የአዱኛ ውይይት ታርጋ ነው። ስቆልፈው ሌላ የማልረሳው ቁጥር አልመጣልኝም።

ሀብተሥላሴ


ልደታ
ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሀብተሥላሴ፤ ባሉበት ሰላም ይሁኑ። ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው፤ ሌላ የምመኝልዎት ነገር ስለሌለኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፍርዱ ተነግሮ ነበር።

ታርጋው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከወላጆቼ የሠርግ ፎቶግራፍ በላይ እንደ ተሰቀለ ነው። ውይይቷ ስትሸጥ አባቴ ነቅሎ ያስቀራት እሷን ብቻ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከሥሯ ተቀምጬ እራት በልቻለሁ። ከሥሯ ተቀምጬ ነው እርስዎን የለመንኩት።

ፍርድ ቤት የሆነውን ልንገርዎ። ደብዳቤዎቹን አስገባሁ። ዳኛዋ የእርስዎን ጮክ ብላ አነበበች። «ደስታውን አትንጠቂው» የሚለው ላይ ስትደርስ አባቴ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አንገቱን ደፋ። ከዚያ የእኔን አነበበች። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። እናቴ በተሰበረ ትከሻዋ ላይ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና አባቴ ለሠርካዲስ የተናገረውን ቃል ተናገረች። የወንድሟንም ስም ሲጠይቋት ከነአባቱ ጠራች።

አባቴ የመጨረሻ ቃል ሲባል «ልጄ አዝና ነው፤ የምትለውን አትመኑ» አለ። እኔን ለማዳን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዋሾ አደረገኝ። ዳኛዋ አላመነችውም። ጥፋተኛ ነው አለች፤ መንገድን የሚያይ ሾፌር እንጂ ወረቀት አይደለም፤ ነገር ግን ያመነው ወረቀት አሳስቶታል አለች። ስምንት ዓመት የተጠየቀበት ሦስት ዓመት ሆነ። በእኔ ላይ መዝገብ ተከፍቷል፤ ለታኅሣሥ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። ጥፋቴ ስንት እንደሆነ እነሱ ይለኩት፤ እኔ አልከራከርም። በእርስዎ ስምም ተከፍቷል፤ እርስዎ ግን ሩቅ ነዎት።

ሶፊ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቀችኝ። «ይቅር አላልኩሽም» አለችኝ። «ድስቱን ግን ለግንቦት መጥተሽ ውሰጂው። እኔ ማውጣት አልችልም።» ሄደች።

አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሊያየኝ አልወጣም። ሦስት እሑድ ሄድኩ። ምግቡን ይቀበላል፤ «ልጅህ መጥታለች» ሲባል «ደህና ናት በሏት» ይላል። ለእኔ ብሎ ያቆመውን ነገር ሁሉ በገዛ እጄ አፍርሼበታለሁ። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት፤ ነገም ቢሆን አደርገዋለሁ። ልቤ ግን በየእሑዱ እዚያ ሽቦ ላይ ይቀራል።

ቁጥሩን ካገኘሁ በኋላ፣ ከአደጋው ወዲህ የዘጋሁትን ጋራዥ ከፈትኩት። አንዴ ብቻ። የታርጋውን ቁጥር አስገባሁ፣ ማስተካከያውን አጠፋሁ፣ የበከርን ሚኒባስ ሮለሩ ላይ አውጥቼ ለካሁት። ስልሳ ዘጠኝ። አትሜ ፈረምኩበት። ከሥሩም በእጄ «ልደታ ላይ የተለካ። እንጦጦ ላይ ከዚህ ያንሳል። ዳገት ላይ ሌላ መኪና አትቅደም» ብዬ ጻፍኩበት። ከአምናው መስከረም ጀምሮ ወረቀት የሰጠኋቸውን ደንበኞች በሙሉ በስልክ እየጠራሁ ነው። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ አንዱ «ታዲያ ገንዘቤን መልሺ» አለኝ፤ አንዱ ሚስቱን ስልኩን አቀበላትና «እስኪ ለእሷ ንገሪያት» አለኝ። ስጨርስ ቁልፉን ለእርስዎ ወኪል እሰጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ስልሳ ዘጠኝ የሚለውን ወረቀት አጥፌ ከምግቡ ሳህን ሥር አደረግሁት። ጠባቂው ገለጠውና «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የመኪና ወረቀት ነው።»

«መኪና አለው እንዴ?»

«የለውም።»

ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ አሳለፈው። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ ጠበቅሁ። እንደ ሁልጊዜው «ደህና ናት በሏት» አለ ተባልኩ፤ ሳህኑም ታጥቦ ወጣልኝ።

በር ላይ ቆሜ ፌስታሉን ፈታሁት። ሳህኑን አነሳሁ። ሥሩን አየሁ።

ወረቀቱ አልተመለሰም።

ናዝሬት አዱኛ